አሮጌው ጣቢያ ጋ ሂጂ

ይዘንጋሽ ከመሐል ሜዳ በተነሣችበት ማለዳ ዱባለ ሥራው ጠፋበት። ሚስቱን ያሳፈራት ራሱ ነው። ከሹፌሩ ኋላ፣ መስኮት ዳር አስቀመጣት፤ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለላት፤ የበሶዋን ከረጢት እግሯ ሥር ሸጎጠላት። ከዚያ እንደ ወትሮው የሚኒባሱን ጎን በመዳፉ ቸብ አድርጎ «ንዳው!» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። እጁ አልነሣ አለው።

«ጋሼ ዱባለ፣ እንሂድ ወይስ እዚሁ እንደር?» አለ ሹፌሩ ኪዳነ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

«ቆይ እስቲ፤ ምን ያጣድፍሃል!»

«ሌላውን ‹ግባ፣ ተጠጋ፣ ዝጋው› እያሉ ሲያዋክቡ ኖረው፣ የራስዎ ሰው ሲሆን ጊዜ ተራው ቀረ?»

ተሳፋሪው ሣቀ። ይዘንጋሽም ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልቀቀን እንጂ! ልጄ ሳታምጥ ልድረስላት» አለችው።

ቸብ አደረገው። መኪናው የደብረ ብርሃንን መንገድ ይዞ፣ በታጨደው የገብስ ማሳ መሐል አቧራውን እየጎተተ ሄደ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዱባለ ደረት ውስጥ አንድ ነገር ገብቶ ተቀመጠ። ፍርሃት ነው። እንደ ኅዳር ውርጭ ድምፅ የሌለው፣ ሲገባ የማይታይ፣ ሲነጋ ግን ሁሉን አንጥቶ የሚገኝ ፍርሃት።

ዱባለ ከዚያ በፊት ፈሪ የሚባል ሰው አልነበረም። በጉርምስናው የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ፣ ፍሬን እንቢ ባለበት ቁልቁለት ከጎማ ሥር ድንጋይ እየወረወረ ያደገ ነው። ጉልበቱ ሲደክም መሐል ሜዳ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሆነ። መልኩን የማያውቅ ሰው እንኳ ድምፁን ያውቀዋል። ሌላ አገር ያለ ተራ አስከባሪ የከተማ ስም እየጠራ ይጮኻል፤ ዱባለ ግን ያዜመዋል።

ደብረ ብርሃን ያለ፣ ይግባና ይቀመጥ፤
ከቆመ ሰው ይልቅ፣ ተጓዥ ነው የሚበልጥ።

ይህን ስትሰማ ልጇን የምትሸኝ እናት እንባዋን እየጠረገች ፈገግ ትላለች። ሰርግ ላይም ሆነ ሐዘን ላይ ስንኝ የሚጠበቀው ከሱ ነው። ራሱ ግን ከአዲስ አበባ አልፎ አያውቅም። ሰውን ሁሉ ወደ መንገዱ እያስገባ፣ እሱ እዚያው እንደ ወንዝ ዳር ድንጋይ ቆሞ ኖረ። «ዱባለ ያሳየው መንገድ አይስትም» ይባላል፤ ከዚህች ቃል የበለጠ ኩራት አልነበረውም።

አንዲት ልጁ ህሊና ጀርመን አገር፣ ብራውንሽቫይግ በምትባል ከተማ ትኖራለች። ባሏ በኃይሉ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እዚያው ተዋውቀው ተጋቡ። ህሊና የምትሠራው ባቡር ጣቢያው ውስጥ ካለ ዳቦ ቤት ነው። አባትና ልጅ በስልክ ሲገናኙ ታዲያ ስለ ናፍቆት አያወሩም፤ ናፍቆት ያስለቅሳቸዋል። የሚያወሩት ስለ ጣቢያ ነው። ዳቦ ከሚገዟት ሽማግሌዎች የሰማችውን እየለቀመች ትነግረዋለች።

«የመጀመሪያው ጣቢያ ትንሽ ቤት ነበር አሉ፣ አባዬ፤ ከከተማዋ ቅጥር ውጭ። ያሠሩት የአገሩ መስፍን ናቸው። ባቡሩም የሚሄደው እስከ ጎረቤት ከተማ ብቻ ነበር፤ ከመሐል ሜዳ ሞላሌ በለው።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ጠበበና በድንጋይ ተሠራ። እኔ ፊቱ ቆሜ የላክሁልህ ፎቶ እሱ ነው። የቤተ መንግሥት ደጅ አይመስልም? ግን ባቡሩ ገብቶ አያልፍበትም ነበር። ፊት ለፊቱ ከተማ ነው። እንደ በረት በገባበት ነው ወደ ኋላው የሚወጣው።»

«እንዴ! ታዲያ እንዴት አድርገው ነው ተራ የሚያስከብሩት?»

«ለሱ አይደል የተቸገሩት! እናንሣው፣ የለም ይቆይ ሲባባሉ ዘመን አለፈ፤ ጦርነትም መጣ። ቦምብ ወረደበትና ውስጡ ነደደ፤ የድንጋይ ፊቱ ግን ቆሞ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በፈረንጆቹ በ1960፣ ከመሐል ከተማው ራቅ አድርገው አዲሱን ከፈቱት። አሁን ባቡሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ያልፋል።»

«አሮጌውስ?»

«ተዘጋ። ባንክ ሆኗል።»

«ሰዉስ?»

«ሰዉማ ወደ አዲሱ ሄደ።»

«እንዲሁ? ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ፣ አባዬ።»

ዱባለ ሣቀ። ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ይወዳታል፤ በዚህ ነገር ግን አላመናትም።

እሱ የሚያውቀው ሌላ ነዋ። መሐል ሜዳም አሮጌና አዲስ መናኸሪያ አላት። አዲሱ ከከተማው ዳር ሰፊ ሆኖ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ ሲሠራ በሬ ታርዶ፣ ጥብጣብ ተቆርጦ ተመረቀ። በማግስቱ ሰዉ ሁሉ ስንቁን ይዞ አሮጌው ጋ ተኮልኩሎ ተገኘ። መኪኖቹም አዲሱን በአንድ በር ገብተው በሌላው እየወጡ፣ ዞረው መጥተው አሮጌው ጋ ሰው መጫን ሆነ ሥራቸው። ቀጠሮም ቢሆን፣ እንግዳ መቀበልም ቢሆን፣ ሁሉ ነገር አሮጌው ጋ ነው። እዚያው አጠገቡ ባንክ ተከፍቷል፤ ሰው የባንኩን ግድግዳ ተደግፎ መኪና ይጠብቃል። ስለዚህ ህሊና «ባንክ ሆኗል» ስትለው ዱባለ በልቡ ያየው የመሐል ሜዳውን ባንክ ነው። ጣቢያ ይነሣል እንጂ ሰው ከለመደው ቦታ አይነሣም፤ ይህ ለሱ እንደ ጸሎተ ሃይማኖት የጸና ነበር።

ህሊና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል እናቷ አርሳ ልታስነሣት መሄድ ግድ ሆነ። ይዘንጋሽ በሕይወቷ ከደብረ ሊባኖስ ወዲያ ተሻግራ አታውቅም። ነገሩ ሁሉ ግን ተዘጋጀ። አውሮፕላኑ ፍራንክፈርት ያደርሳታል፤ እዚያ የበኃይሉ ጓደኛ መኳንንት ይቀበላትና የጀርመን ሲም ስልኳ ውስጥ አስገብቶ፣ ሌላ መቀየር በሌለበት ባቡር ላይ ያስቀምጣታል። በኃይሉ ደግሞ ብራውንሽቫይግ ላይ ይጠብቃታል። «ጣቢያው ላይ እጠብቃቸዋለሁ፣ አባባ፤ ምንም አያስቡ» ነበር ያለው። በኃይሉና ይዘንጋሽ እርስ በርስ የሚተዋወቁት በስልክ ድምፅ ነው።

እሑድ ዕለት ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ስልኩ ጠራ። ዱባለ ከአሮጌው መናኸሪያ በር፣ ትርሲት ሻይ ከምታፈላበት ሸራ ሥር ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ሊያነሣ ሲጣደፍ ሻዩ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ።

«ይዙ! ደረስሽ?»

«ደርሻለሁ መሰለኝ። የባቡሩ ሰው ‹ብራውንሽቫይግ› ብሎ አወረደኝ።» ፊቷ በስልኩ መስኮት ውስጥ ትንሽ ሆኖ፣ ግራጫ ሆኖ ይታያል። «በኃይሉ ግን የለም። ብደውልም አያነሣም።»

«ይመጣል። እስቲ ቦታውን አሳዪኝ።»

ስልኩን አዞረችው። ዱባለ መስተዋት አየ፤ ሲሚንቶ አየ፤ ሻንጣውን እየጎተተ የሚጣደፍ ሰው አየ። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። ያ የድንጋይ ደጅ የለም። ዓምዱ የለም።

«ቢሮ ይመስላል እንጂ ጣቢያ አይመስልም» አለች፣ ድምጿ እየቀጠነ። «ሰው አይቀመጥም፤ ሁሉም ይሮጣል። ዱባለ፣ ፈራሁ።»

ይዘንጋሽ ፈራሁ የምትል ሴት አይደለችም። ይህች ቃል ከዚያ ሁሉ ባሕርና በረሃ ተሻግራ መጥታ ዱባለንም አስፈራችው። የፈራ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ነገር አጥብቆ ይይዛል።

«አይዞሽ፣ ገባኝ! ይኼ አዲሱ ነው። በኃይሉ የሚጠብቅሽ እዚያ አይደለም፤ አሮጌው ጋ ነው።»

«‹ጣቢያው› ነው ያለኝ እኮ። አሮጌ አላለኝም።»

«አንቺስ ‹መናኸሪያ እንገናኝ› ሲሉሽ አዲሱ ጋ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

ሄዳ አታውቅም።

«በቃ! የህሊናን ፎቶ ለሰው አሳዪና አሮጌው ጣቢያ ጋ ሂጂ።»

ሄደች። ጥቂት ቆይታ እንደገና ደወለች፤ ድምጿ ትንሽ ሞቅ ብሏል። «አንዲት ውሻ የያዘች ሴት አገኘሁ። ፎቶውን አይታ ራሷን ነቀነቀች። አሁን በከተማ ባቡር ይዛኝ እየሄደች ነው። ውሻው እግሬ ላይ ተኝቷል፣ አንተ፤ በሶዬን አሽትቶ ነው።»

«አላልኩሽም? ጣቢያው ምን ይመስላል፣ ደረሳችሁ?»

«ጉም ነው። ኧረ ይኼን ስልክ ደግሞ ምን ነካው…» መስኮቱ ጠቆረ። ስልኩ ሞተ።

ዱባለ ተመልሶ ተቀመጠና ትርሲትን ሌላ ሻይ ቅጂልኝ አላት። «አገኘችው» አለ፣ ድፍን መናኸሪያው እንዲሰማ። «አሮጌው ጋ ላክኋት።»

«ከዚህ ሆነው ጀርመንን ተራ ያስከብራሉ?» አለ ኪዳነ ጎማውን በእግሩ እየመታ። «እኛ እዚህ ናፍጣ ፍለጋ እንንከራተታለን፤ እርስዎ የፈረንጅ ባቡር ይጭናሉ!»

ሣቁ ገና ሳያልቅ ስልኩ ጠራ። በኃይሉ ነው። እየሮጠ ያወራል።

«አባባ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ህሊና በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ ናት። ድንገት ምጥ ይዟት ከማዋለጃው ክፍል መውጣት አልቻልኩም፤ የስልኬንም ድምፅ አጥፍቼው ነበር። አሁን ጣቢያው ላይ ነኝ፤ እማማ ግን የሉም። ደውለውልዎታል?»

እልል የሚባልበት ወሬ ነበር። ዱባለ ግን የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

«የትኛው ጣቢያ ነው ያለኸው፣ ልጄ?»

«እንዴት የትኛው? ባቡር ጣቢያው ነዋ።»

«አሮጌው ጋ አይደለህም?»

«አሮጌው? እሱ እኮ ባንክ ነው፣ አባባ። ባቡር ከደረሰበት ስንት ዘመኑ። ዛሬ ደግሞ እሑድ ነው፤ ዝግ ነው፤ ሰው አይኖርበትም። ምነው?»

የሻይ ብርጭቆው፣ የትርሲት ሸራ፣ የኪዳነ ሚኒባስ፣ ሁሉም ከዱባለ ፊት ራቁ። ባንክ። ልጁ ነግራው ነበር፤ በገዛ ጆሮው ሰምቷል። ሚስቱን፣ ቋንቋ የማታውቅ፣ ሰው የማታውቅ ሚስቱን፣ በእጁ እንደ መግፋት ያህል ከሰው መሐል አውጥቶ ወደ ተዘጋ በር ሰድዷታል።

«እኔ ነኝ የላክኋት» አለ። «በኃይሉ፣ አሮጌው ጋ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። አንዲት ውሻ የያዘች ሴት እየወሰደቻት ሳለ ስልኳ ሞተ…»

መልስ የለም። የሞተው የይዘንጋሽ ስልክ ብቻ አልነበረም፤ የመሐል ሜዳ ኔትወርክም በዚያች ደቂቃ ጠፋ። በኃይሉ የመጨረሻውን ቃል ይስማ አይስማ አላወቀም። ዱባለ ስልኩን አራገፈ፣ ወደ ሰማይ አነሣ፣ ደረቱ ላይ አሻሸ።

«ኮረብታው ላይ ይይዛል» አለ ኪዳነ። አሁን አይቀልድም። «ይምጡ፣ በመኪና ላድርስዎት።»

ከተማው ራስጌ ካለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዳር ሲደርሱ ፀሐይዋ ልትገባ ጫፍ ላይ ነበረች። ህሊና በአንድ ወቅት የነገረችው ነገር ትዝ አለው፤ በኅዳር ወር ፀሐይ እዚያም እዚህም በአንድ ጊዜ ትጠልቃለች። ያን ጊዜ ደስ ብሎት ነበር፤ ከልጄ ጋር አብረን እናመሻለን ብሎ። አሁን ብርሃኗ ከሜዳው ላይ ጋት በጋት ስትሸሽ፣ ከይዘንጋሽ ፊት ላይ የምትሸሽ መሰለው። ነፋሱ እንደ መርፌ ይወጋል። እዚህ እንዲህ ከበረደ፣ እዚያስ? ጋቢዋን ለብሳዋለች? ወይስ ለሻንጣው ሸክም ብላ አውልቃዋለች?

ስንኝ ሞልቶት የኖረ ሰው ጸሎት እንኳ ጠፋው። «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ብቻ ይላል።

ስልኩ ጮኸ። በኃይሉ የመጨረሻውን ቃል ሰምቶ ኖሯል።

«አባባ፣ አሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት ነኝ። የሉም። በሩ ላይ የሉም። የውሻዋ ሴትዮ እዚህ አድርሳቸው ሄዳ ይሆናል። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።»

«ከኋላውስ ምን አለ?»

«መናፈሻ ነው። ዛፍ ነው። ወዲያ ደግሞ… ወንዝ አለ።»

ዱባለ የቅጥሩን ድንጋይ ያዘ።

«ጉሙ ከባድ ነው፣ አባባ፤ እጄን ዘርግቼ ጣቴን አላየውም። ፖሊስ ጠርቻለሁ፤ መጥተዋል። መብራትም የድምፅ ማጉያም ይዘዋል። ስማቸውን እየጠራን ነው፤ ይኸው እስከ አሁን እየጠራን ነው። አይመልሱም። ቢሰሙ ይመልሱ ነበር አይደል?»

ከስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ በብረት ማጉያ የተላከ የፈረንጅ ድምፅ መጣ፤ የሚስቱን ስም ሰባብሮ የሚጠራ። «ይ-ዘን-ጋሽ! ይ-ዘን-ጋሽ!»

የዱባለ ጠጉር ቆመ።

«አስቁማቸው!» ብሎ ጮኸ። «በኃይሉ፣ ባባትህ፣ ስሟን አትጥሩ!»

«ምን?»

«በጉም ውስጥ ስም አይጠራም!»

ይዘንጋሽ የጓሳ ዳር፣ ጉም የማይለየው ደጋ ልጅ ናት። እዚያ ያደገ ሰው ይህን ነገር የሚማረው ከእናቱ ጡት ጋር ነው። ጉም ሲወርድ የጠፋ ሰው አይራመድም፤ ጀርባውን ለድንጋይ ወይ ለዛፍ ሰጥቶ ይቀመጣል። የማይታይ ድምፅ ስሙን ቢጠራውም ትንፋሹን ውጦ ዝም ይላል፤ የሚጠራው ሰው አይደለም፣ ወደ ገደል የሚወስድ ነው ይባላላ። በጉም ሰው ሰውን የሚፈልገው በዜማ ነው። ፈላጊው አንድ ስንኝ ያወጣል፤ የጠፋውም ከራሱ ገጥሞ ሁለተኛውን ይመልሳል። ክፉ ነገር ስም መጥራት ይችላል፤ ቤት መምታት ግን አይችልም።

እና ይዘንጋሽ አሁን፣ ያ የተሰባበረ የብረት ድምፅ በስሟ ሲጣራ፣ ከአንዱ ዛፍ ሥር ተኮራምታ፣ በነጠላዋ አፏን አፍና፣ በፈለጓት ቁጥር ይበልጥ ትደበቃለች። ዱባለ በዓይኑ እንዳያት ያህል አወቀው።

«ስልኩን ከፍ አድርገህ ያዘው» አለ። «እኔ ላዚም።»

ደረቱን ነፋ። ያ ቆላና ደጋውን ሲያሳፍር የኖረ ድምፅ ወጣ፤ ነገር ግን ኔትወርኩ ዜማውን እየጎረደ፣ ግማሹን እየዋጠ ነው የሚያደርሰው። በኃይሉ ጮኸ፤ «አይሰማም፣ አባባ! ይቆራረጣል፤ ጭራሽ የሚያስፈራ ሆኗል!»

«እንግዲያው አንተ በለው።»

«እኔ?»

«አንተ። ከአፌ ተቀበልና በለው።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ዜማ አልችልም! ፖሊሶቹ ቆመው እያዩኝ ነው…»

«ፖሊሶቹ የሚስትህን እናት ያውቋታል? ልጄ፣ እየመሸ ነው! በለው!»

ዱባለ ስንኙን ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል ሰጠው። በኃይሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ያ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የፈረንጅ መብራት ፊቱ ላይ እያበራ፣ በተዘጋ ባንክ ኋላ፣ በሚንቀጠቀጥና በተጣመመ ድምፅ አዜመ።

ጉም አገር ለበሰ፣ መንገዱም ጠፋብኝ፤

ዱባለ የሚሰማው የበኃይሉን ትንፋሽ ብቻ ነው። ኪዳነ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል።

«የለም» አለ በኃይሉ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

«ወደ ዛፎቹ ግባና ድገመው።»

የጫማ ድምፅ፤ የደረቀ ቅጠል ድምፅ። ደገመው። ጸጥታ። ዱባለ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ወንዙን ሰማው፤ ወንዙ ይሰማ አይሰማ አይታወቅም፣ እሱ ግን ሰማው። ጥቁር ውኃ፣ ጠርዝ የሌለው፣ አንድ ነጭ ነጠላ ይዞ የሚሄድ። ዓይኑን ጨፈነ። ሲጨፍን ይበልጥ ታየው። መልሶ ገለጠው።

«ደግመህ በለው። ባክህ። ደግመህ።»

በኃይሉ ለሦስተኛ ጊዜ አወጣው። ድምፁ አሁን ሐፍረት የለበትም፤ እንደሚያለቅስ ሰው ነው። እና ዱባለ ከብዙ ርቀት፣ ከስልኩ ውስጥ ካለው ከዚያ ሁሉ ጉምና ነፋስ ማዶ፣ ቀጭን፣ ከብርድ የተነሣ የምትንገጫገጭ፣ ግን ልኳን ያልሳተች አንዲት ድምፅ ሰማ።

ከድንጋይ ደጅ ጥሎኝ፣ የት ሄደ የላከኝ?

ዱባለ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሰማሁ!» ይላል በኃይሉ እየሮጠ። «ሰማሁ፣ አባባ! በዚህ በኩል ነው… እማማ! እማማ፣ እኔ ነኝ፣ በኃይሉ ነኝ!» ቅርንጫፍ ተሰበረ። ሰዎች በጀርመንኛ ተጯጯሁ። ከዚያ ድምፁ ሁሉ ተደባለቀና ተቋረጠ።

ኔትወርኩ ሲመለስ ጨልሟል። ያቺ ቆይታ ምን ያህል እንደነበረች ዱባለ አያውቅም፤ ኪዳነ ብቻ፣ «ጋሼ፣ ይተንፍሱ እንጂ፤ ትንፋሽ አቁመዋል» እያለ ጀርባውን ሲመታው ያስታውሳል። ሲጠራ አነሣው። የበኃይሉ ስልክ ነው፤ መስኮቱ ጥቁር ነው፤ ፊት የለም፤ ድምፅ ብቻ።

«ዱባለ።»

«አቤት፣ ይዙ።»

«ባቡሩ ከኋላው ይሆናል ብዬ ዞርኩ። ዛፍ ብቻ ነው።»

«አወቅሁ።»

«ብመለስ ደጁን አጣሁት። ብዙ ሆነው ስሜን ሲጠሩ ነበር። አንዱ እንደ ብረት ነው።»

«ሰዎች ናቸው፣ ይዙ። እየፈለጉሽ ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ዱባለ አፉን ከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት ገና ሳያልቅ ነበር የሚመልሰው። ይኼ መኪና ሞላሌ ይደርሳል? ይደርሳል። ማታ እገባለሁ? ትገባለህ። አሁን ግን ያን ቃል ተወው።

«አላውቅም» አላት። «እኔ እዚያ አላየሁም። በኃይሉን ጠይቂው፤ እሱ የሚልሽን ስሚ።»

በዚያ በኩል በኃይሉ፣ «እማማ፣ ህሊና ወልዳለች እኮ፤ ሴት ልጅ ናት፤ እየጠበቁዎት ነው» ሲል ተሰማ። ይዘንጋሽ ፍርፍር ያለች እልልታ ጀምራ በመሐል አቆመች።

«መንገዱን ታውቀዋለህ ወይ፣ ልጄ?» አለችው።

«አውቀዋለሁ፣ እማማ። በየቀኑ ነው የምሄድበት። ብርድ ልብሱን ይሸፈኑት፤ መኪናው እዚሁ ነው።»

«እንግዲያው እጄን ያዘኝ። አንተ ዱባለ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው።»

«አልዘጋም።»

«ባታወራም አትዝጋው።»

ኪዳነ የመኪናውን መብራት አብርቶ ቅጥሩ ሥር ቆመ፤ እንውረድ አላለውም። ዱባለ ጋቢውን ራሱ ላይ አድርጎ፣ ስልኩን ከጆሮው ጋር አጣብቆ፣ በመንዝ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሚስቱን ኮቴ አዳመጠ። ቅጠል ላይ ትረግጣለች፤ ከዚያ ጠጠር ላይ፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ። አንዳንዴ ኮቴው ይቆማል። በቆመ ቁጥር የሱም ልብ ትቆማለች፤ ወዴት ሄደች? ምን አገኛት? ምናልባት ጫማዋን እያስተካከለች ነው፤ ምናልባት መንገድ እያሻገሯት ነው። ሊጠይቃት አፉን ይከፍትና ይፈራል፤ ድምፁን ሰምታ ወደማይሆን ቦታ ዞር እንዳትልበት ይፈራል። ስለዚህ ምንም አይላትም። እንደገና መራመድ ስትጀምር እሱም እንደገና ይተነፍሳል።